የአራት ሰዓቱ በረራ አሥራ ሁለተኛ ቀኑን ያዘ

ለክቡር አቶ ገነነ
በፍኖተ ሰላም ከተማ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት ኤጀንሲ ሥራ አስኪያጅ

እርስዎም መላው ቤተሰብዎም እንደምን ከርማችኋል? እኔ በቡሬ አካባቢ ባለች ደብር ባሕረ ሐሳብ የማስተምረው መሪጌታ ቴዎፍሎስ፣ ጤናዎ እንዳይጓደል ሳላቋርጥ እጸልያለሁ፤ ልጄ ያምሮት የት እንዳለች የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎትና።

ያምሮት ለቤት ሠራተኝነት ከቦሌ ወደ ዐረብ አገሯ ከተማ ወደ አማን ስትነሣ እናቷ ደስታነሽ በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጥራላት ነበር። እርስዎ ግን መንገዱ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም አውሮፕላኑ በአራት ሰዓት ስለሚያደርሳት ስንቅ እንደማያሻት ነግረውን ቋጠሮውን በትሕትና መለሱልን። ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኗ ነው። ስልኳ አይሠራም፤ እርስዎም መንገድ ላይ እንደሆነች ይነግሩናል። ስለዚህ ያልገባኝን ላቅርብ።

፩ኛ፦ በሦስተኛው ቀን ብንጠይቅ፣ ጸሐፊዎ ናሁሰናይ መዘግየቱ በሁለቱ አገሮች የሰዓት ልዩነት የመጣ መሆኑን፣ ነገሩም ለቄስ ትምህርት ቤት ሰው ከበድ እንደሚል በትዕግሥት አስረዳኝ። ስለ ትዕግሥቱ አመሰግናለሁ። ሠላሳ ዓመት አጽዋማትና በዓላት የሚውሉበትን ሳሰላ የኖርኩ ነኝና አጣራሁ፤ የአማን ሰዓትና የእኛ ሰዓት እኩል ነው። ናሁሰናይ ልዩነቱን ከየት እንዳገኘው ቢጽፍልኝ ለተማሪዎቼ አስተምረዋለሁ።

፪ኛ፦ በሰባተኛው ቀን ደግሞ አውሮፕላኑን ከፊት የሚመጣ ነፋስ እንደያዘው እርስዎ ራስዎ ነገሩን። በአሥራ ሁለት ቀን ያንን መንገድ ሠላሳ ስድስት ጊዜ ደርሶ መልስ መብረር ይቻላል። ይህን ሁሉ የሚያግድ ነፋስ ቢነሣ ኖሮ በቡሬ አንድም ጣራ ባልቀረ ነበር። ደስታነሽ ግን አምናዎታለች፤ ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ደጅ ወጥታ ሰማይ ታያለች። እርስዎን ስለዚህ ይቅር ለማለት ሞክሬ አልቻልኩም።

፫ኛ፦ የበረራ ቁጥሯን ብጠይቅ ምሥጢር ነው ተባልኩ። ስንት መንገደኛ የተሳፈረበት አውሮፕላን ቁጥር ከአባት የሚደበቅ መሆኑን ባለማወቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሰውን በከንቱ መጠርጠር ኃጢአት መሆኑን የማስተምር ሰው ስሆን፣ እርስዎ በየቀኑ ንስሐ የምገባበት ነገር ስላላሳጡኝም ምስጋናዬ የላቀ ነው።

ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለማብራሪያዎ ግን አጭር ጊዜ የሚመኝ፣ ደጅዎን መጥናት የማይታክተው የያምሮት አባት፣
መሪጌታ ቴዎፍሎስ

ማስታወሻ፦ ይህን ከፈረምኩ በኋላ ስልኬ ጮኸ። ቁጥሬን ከውሉ ላይ አግኝተው የደወሉት ያምሮትን የቀጠሯት የአማኗ እመቤት ናቸው። በአስተርጓሚ ሰላምታ ከሰጡኝ በኋላ ልጅዎን ለምን ከለከሉን ብለው ወቀሱኝ። ለካ ለእሳቸው የተነገራቸው፣ አባቷ እምቢ ብሎ ያምሮት ከጎጃም እንዳልወጣች ነው። ለእኔ ሄዳለች፣ ለእሳቸው አልተነሣችም። ሁለታችንም ለፖሊስ ቃላችንን ለመስጠት ተስማምተናል። የኪሎ ሜትሩን፣ የሰዓቱንና የነፋሱን ነገር ትቼልዎታለሁ፤ ነገ ጠዋት ከፖሊስ ጋር ስመጣ የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጄን የት አደረጓት?