«ጎትት» ማለት ንግግር አይደለም ላሉት ለክቡር ዶክተር ኤሊሻ

ለክቡር ዶክተር ኤሊሻ፣ የማገገሚያ ቤቱ ዋና ኃላፊ፤
ርሖቮት

ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ እንቅልፍዎ፣ ይልቁንም ያ ፈጣን ምላስዎ እንደ ወትሮው ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ስሜ ይርዳው ይባላል፤ ቢሉ ሴንተር ከተባለው የገበያ ማዕከል ከሚገኝ የቤት ዕቃ መደብር መጋዘን ውስጥ እሠራለሁ። ባለፈው የብርድ ወራት ክፍል ሰባት ተኝቶ የነበረው የማለደ ያክስት ልጅ ነኝ። ስሜን ካላስታወሱት «ያ ኮምፒውተር ታቅፎ የሚመጣው» ብሎ ማሰብ ይበቃል፤ እርስዎም የሚጠሩኝ እንዲሁ ነበር። ከዚህ በፊት የላክሁልዎ ሦስት ደብዳቤዎች መልስ ስላላገኙ፣ አራተኛውን ሰው ሁሉ እንዲያነበው በአደባባይ ጻፍሁት፤ ምናልባት ከሰው መካከል አንዱ ያነብልዎ ይሆናል።

አስቀድሜ ማመስገን ይገባኛል።

አንደኛ፣ ስለ ምርመራዎ ጥልቀት። ማለደ ነስ ጺዮና ከተማ ካለ ፋብሪካ ሹፌር ነበር፤ ዕቃ የሚያነሳውን መኪና ይነዳል። በሥራው ላይ ሳለ የጭንቅላቱ ደም ሥር ተዘጋና ቀኝ እጁና ንግግሩ ተያዙ። ወደ እርስዎ ቤት ሲመጣ ባለሙያዎችዎ ፊቱ ላይ የሥዕል ካርድ ደርድረው «ማ ዜ? ይህ ምንድን ነው?» እያሉ በዕብራይስጥ ጠየቁት። አንዱ ካርድ የዳቦ መጥበሻ ነው፤ ሌላው በበረዶ ላይ የሚንሸራተት ሰው። ማለደ አልመለሰም። ሚስቱ ደስታዬ «በአማርኛ ይጠየቅ፤ ጤነኛ ሳለም ቢሆን ሲደነግጥ ዕብራይስጡ ይጠፋዋል» ብላ ብትለምን፣ አስተርጓሚ የሚጠራው ወረቀት ለማስፈረም ብቻ እንደሆነ በትሕትና ተነገራት። ሰው ዝም ማለቱ በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ ሳይጠይቁ «አይሰማም፣ አይገባውም» ብሎ ለመጻፍ የሚያስፈልገውን ድፍረት ከልቤ አደንቃለሁ።

ሁለተኛ፣ ስለ ስብሰባው። አልጋው አጠገብ ቆመው ለደስታዬና ለእኔ «ከእንግዲህ የመሻሻል ተስፋ የለውም፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ የአረጋውያን መጦሪያ ፈልጉለት» ሲሉን ማለደ ከእኛ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር። አርባ ሰባት ዓመቱ ነው። እርስዎ እኛን ስለሚያዩ አላዩትም፤ እኔ ግን አየሁት። በግራ እጁ የብርድ ልብሱን ጠርዝ ይዞ እየጠቀለለ፣ እየፈታ፣ እየጠቀለለ ነበር። የማይገባው ሰው እንዲያ አያደርግም።

በማግስቱ ኮምፒውተሬን ይዤ የመጣሁት ለዚህ ነው። ክቡርነትዎ «የልጆች መጫወቻ» ብለው ስለሰየሙት ነገር ትንሽ እንዳስረዳዎ ይፍቀዱልኝ።

እኔና ማለደ በፈረንጆቹ ዘጠና አንድ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በመጣን ጊዜ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ዓመታችን ነበር። አዲስ መጤዎች በሚሰፍሩበት ተጎታች ቤት፣ ካራቫን ሰፈር ሳለን አንድ ደግ ሰው አሮጌ ኮምፒውተር ሰጠን፤ በውስጡ አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር። ከሆቴል የተባረረ ሻንጣ ተሸካሚ በየአገሩ እየዞረ የጠፋ ሻንጣ የሚፈልግበት፣ የሚያስቅ ጨዋታ ነው። የያዝነው ሁለተኛውን ክፍል ነበር፤ የመጀመሪያውን እስከ ዛሬ አይተነው አናውቅም፤ ሰውዬው ለምን እንደተባረረም አናውቅም። ከሥዕሉ ግርጌ ዘጠኝ የእንግሊዝኛ ትእዛዞች ተጽፈዋል። አንድ በአንድ እየነካን፣ የሚሆነውን እያየን፣ በደብተር ላይ አማርኛቸውን ጻፍን፦ ስጥ፣ ውሰድ፣ ክፈት፣ ዝጋ፣ ግፋ፣ ጎትት፣ ተመልከት፣ ተናገር፣ ተጠቀም።

አንድ ድልድይ ላይ አህያ ቆሞ አላሳልፍ ይላል። ሦስት ሳምንት ገፋነው፣ ገለባ ሰጠነው፣ ለመንነው። በመጨረሻ ማለደ ጭራውን ወደ ኋላ ጎተተው፤ አህያው እልህ ይዞት ወደ ፊት ፈረጠጠ። አዲስ አበባ ሳለን እህል ጫኞች ሲያደርጉት አይቶ ነበር። ጎረቤት ምን ደረሰባቸው ብሎ እስኪመጣ ድረስ ሳቅን።

ይህን ጨዋታ አሁን ሥዕሉን አሳምረው እንደገና አውጥተውታል። ገዝቼ ማለደ ፊት ከፈትሁት። አዲሱን ሥዕል እንደ ካርዶችዎ ባዶ ዓይን አየው። ነገር ግን አንድ ቁልፍ ሲነካ ሥዕሉ ወደ ጥንቱ ይመለሳል፤ ያ ከትናንሽ አራት ማዕዘኖች የተገጣጠመ የሚመስለው ሸካራ ሥዕል ሲመጣ ማለደ ሳቀ። ከወደቀ ጀምሮ ከአፉ የወጣ የመጀመሪያው ድምፅ ነበር። የቸገረው ተጫዋች ፍንጭ የሚጠይቅበት ሌላ ቁልፍም አለው፤ መቶ ጊዜ ቢነኩት አይሰለችም፤ ተስፋ የለህም ብሎም አያባርርም። ይህን ያልሁት ከማንም ጋር ለማወዳደር አይደለም።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ድልድዩ ላይ ደረስን። አውቄ አህያውን ገፋሁት። ደግሜ ገፋሁት። ማለደ በግራ እጁ አልጋውን መታ። ሦስተኛ ስገፋው ፊቱ ቀላ፣ አንገቱ ተገተረና፦

«ጭ... ጭራውን! ጎትት!» አለ።

ደስታዬ መንደሪን እየላጠች ነበር። ቀና ብላ «ማንን ነው የሚለው?» አለችኝ።

«አህያውን» አልኋት።

«ተመስገን! እኔን መስሎኝ» አለችና ሳቀች፤ ከዚያ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች።

ሦስተኛ እንግዲህ፣ ስለ ሳይንሳዊ ጥንቃቄዎ። ሮጬ ቢሮዎ መጥቼ ስነግርዎ ከወረቀትዎ ቀና ሳይሉ «በየትኛው ቋንቋ?» አሉኝ። በአማርኛ ነዋ ብል «እንግዲያው መመዝገብ አንችልም፤ ደግሞም ሁለት ቃል ንግግር አይደለም፣ ድንጋጤ ነው» አሉ። በማግስቱ ክፍል ሰባት በር ላይ «ኮምፒውተር ማስገባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። ክፍል ስድስትና ስምንት ላይ አልነበረም፤ ስለ ተሰጠን ልዩ ትኩረት እጅ እነሣለሁ።

ደስታዬ ግን ወደ መጦሪያ የሚወስደው የመዛወሪያ ወረቀት ላይ አልፈርምም አለች። የንግግር ባለሙያዋ ሃዳስም፣ ስሟን የምጠራው ራሷ ፈቅዳልኝ ነው፣ ዘጠኙን ትእዛዞች ከእኔ ተቀብላ በዕብራይስጥ ፊደል ጻፈቻቸው። ሥራዋን ስትጨርስ እየመጣች «ኪፈት፣ ዚጋ» ትለዋለች፤ እሱም እየሳቀ ያርማታል። አማርኛ መሆኑን ሳትደብቅ ሁሉንም ፋይሉ ላይ መዘገበችው። ጉዳዩን ያየው ኮሚቴ በእርሷ ጽሑፍ ምክንያት ስድስት ሳምንት ጨመረለት። ማለደ በበትር እየተደገፈ በገዛ እግሩ ወጣ። ዛሬ ክርያት ሞሼ ሰፈር እቤቱ ነው። ቃሉ ይቆራረጣል፣ አንዳንዱም ሲጠራ አይመጣም፤ ግን ከሚስቱ ጋር ይጨቃጨቃል፤ እርስዋም ደስ ብሏት ትጨቃጨቀዋለች።

አራተኛ፣ ስለ ትሕትናዎ። ባለፈው ወር እነማለደ ቤት ከተቋምዎ አንድ የሚያምር መጽሔት ደረሰ። በገጽ አምስት ማለደ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ይታያል፤ ከሥሩ «በቤታችን የተፈለሰፈ አዲስ የሕክምና ዘዴ» ይላል፤ ከዚያ የእርስዎ ስምና ፎቶ። የሃዳስን ስም መነጽር አድርጌ ፈለግሁት፤ የለም። ከመጽሔቱ ጋር የመጣው ደብዳቤ ደግሞ ማለደ ለዓመታዊው በዓል መድረክ ላይ ወጥቶ ለተቋሙ በዕብራይስጥ «ሦስት የምስጋና ቃላት» እንዲናገር ይጋብዛል። ሁለት ቃል ንግግር ካልሆነ ሦስት መሆኑን ከማን እንደተማሩ ባላውቅም፣ እድገትዎ አስደስቶኛል።

የምጠይቅዎ ጥቂት ነው። መጽሔቱ ላይ የሃዳስ ስም በእርስዎ ቦታ ይግባ። ዛሬ ክፍል ሰባት የተኙትን፣ ከጎንደር የመጡትን እማማ ባንቺአየሁን፣ «አይገባቸውም» ከመባላቸው በፊት አንድ ሰው በቋንቋቸው ያናግራቸው። ልጃቸው ደውላልኝ ነው ያወቅሁት፤ የመዛወሪያው ወረቀት ከእሁድ ጀምሮ አልጋቸው ሥር ተቀምጧል።

በታላቅ አክብሮት፣ ከዚያ በሚበልጥ ትዝብት፣ እድሜና ጤና፣ ከሁሉ አስቀድሞ ደግሞ ጆሮ እንዲሰጥዎ እየለመንሁ፣

ይርዳው፣ የማለደ ያክስት ልጅ

ማሳሰቢያ፦ የመድረኩን ጥሪ ደስታዬ ወደ አማርኛ መልሳ አነበበችለት። «ትሄዳለህ?» አለችው። እያንዳንዱን ቃል እየፈለገ «እሱ... አማርኛ... ተምሮ... ይምጣ» አለ። ሲመጡ እንዲያውቁት፣ የማለደ ቤት አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍቱ አይሠራም።