የሩዝ ውሃ የጠጣው ግድግዳ

ለምወድሽ እናቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጉልበትሽን ልጠይቅ፤ እዚያ ባሕር ማዶ የሊማ ጉም አሁንም ይቆረጥምሻል? እንቅልፍሽስ? አባዬ ምድጃው አጠገብ የምታርፊበትን በርጩማ ገዛልሽ ወይስ ዛሬም ነገ እያለ ነው? እኔ በአካል ደህና ነኝ። አያቴም ደህና ናት፤ ትበላለች፣ ትቆጣለች። ናፍቆትሽ ግን ሁለታችንንም ጎድቶናል።

እማዬ፣ ባለፈው ደብዳቤዬ የወገኑ ሁሉ የሆነው ክቡ የአፈር ቤታችን ደህና ነው ብዬሽ ነበር። ዋሽቼሻለሁ። በአራተኛው የጨረቃ ወር ዝናብ የአያቴ ክፍል ያለበት የግድግዳው ወገን ወድቋል። ሰው አልተጎዳም፤ የቤቱ ኮሚቴ ሰዎች አያቴን በብርዱ ወራት «ቤቱ ለጎብኚ ነው» ብለው ከወንዙ ማዶ ወዳለው አዲስ ፎቅ አውጥተዋት ነበርና። መውደቁን ከእሷም ደብቄ ነበር።

ከመውደቁ በፊት ይኸው ኮሚቴ ግድግዳውን ለማሳመር በሲሚንቶ ሊለስነው ተነሳ። እኔ አምስት ዓመት የተማርኩት የጥንት ቤት ጥገና ነውና፣ በቅድመ አያቶቻችን አዳራሽ ቆሜ የአፈር ግድግዳ ይተነፍሳል፣ ሲሚንቶ እርጥበቱን ውስጡ ያፍነዋል፣ እንደ ጥንቱ በኖራና በአሸዋ፣ በሚጣበቅ ሩዝ ውሃና በቡናማ ስኳር እንጠግነው አልኩ። አጎቴ ዴጓንግ በሰው ፊት «አንቺ ነገ አግብተሽ የምትሄጂ፣ የሰው ቤት ልጅ! የኛ ግድግዳ ምን አገባሽ?» አለኝ። አንዱ ከኋላ «ሩዙንና ስኳሩን ለሠርግሽ አስቀምጪው!» ብሎ ጨመረና አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ስሜንም ከኮሚቴው ሰረዙት፤ ግድግዳውንም በሲሚንቶ ለሰኑት።

ትናንት ሄጄ አየሁት። በሩ ላይ ያለችው ልጅ ትኬት ጠየቀችኝ። እዚህ ነው የተወለድኩት ብላት «እሱንማ ሁሉም ይላል፣ እህቴ» አለችኝ። ከፍዬ ገባሁ፣ እማዬ፤ ወደ ተወለድኩበት ቤት በትኬት! ፍርስራሹን በገመድ ከልለው ቀይ ፋኖስ ሰቅለውበታል፤ ጎብኚዎች ፎቶ ይነሱበታል። ሲሚንቶው እንደ ተገፈፈ ቆዳ ተንጠልጥሏል፤ ከኋላው ያለው አፈር ሊጥ ሆኗል። ሲሚንቶ ያልነካው ወገን ግን ዛሬም ደረቅ ነው፤ ጥፍር አይገባውም። ከወደቀው መሃል አንድ ጠንካራ አሮጌ ቁራጭ አንስቼ ቦርሳዬ ውስጥ ሸሸግኩ።

አያቴ አገኘችው። ምላሷ ላይ ነካ አደረገችና «ይሄ የኛ ነው። ከየትኛው ክፍል ነው?» አለች። መዋሸት አቃተኝ። ካንቺ ክፍል አልኳት። ቁራጩን በጣቶቿ አገላበጠችው። ከዚያ በሙሽርነቷ ዓመት፣ ከጎርፍ በኋላ ያ ግድግዳ ሲጠገን የሩዙን ድስት ያማሰለችው እሷ እንደነበረች ነገረችኝ። ሴት አፈር የሚጠቀጠቅበት አጠገብ አትደርስም ነበርና፣ ሴቶቹ ድስቱን ደፍ ላይ አስቀምጠው ይመለሱ ነበር። «እኔም የሰው ቤት ልጅ ነበርኩ፤ ሁላችንም» አለች። ቀጥላም ቁራጩን ጨብጣ «ስሞት ከኔ ጋር ቅበሪው» አለችኝ።

እማዬ፣ ልቤ የተሰበረው ያን ጊዜ ነው። ወደ ክፍሏ ልመለስ እንኳን አላለችም። ዕድሜዬን ሙሉ እምቢ ብያት አላውቅም፤ ትናንት እምቢ አልኳት። ይህ አፈር ተፈጭቶ የሚመለሰው ግድግዳው ውስጥ ነው አልኳት። ለጀልባው በዓል በቅጠል ልንጠቀልለው የዘፈዘፈችውን የሚጣበቅ ሩዝ ትኩር ብላ አየችና፣ ትልቁን ድስት አምጪ አለችኝ። ዘንድሮ ሩዙን አንበላውም። ነገ ድስቱን ይዤ ወደ ግድግዳው እሄዳለሁ፤ ደፍ ላይ ግን አላስቀምጠውም።

አባዬን በርጩማውን አትርሳ በይልኝ። ትንሹን ወንድሜን ጂያንሄን ጉንጩን ሳሚልኝ። አክስቴ ሜይዡን ሹራቡ ልክ ሆኖኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ በያት። አያቴ ሾርባሽ ላይ ጨው ቀንሺ ብላሻለች።

ልጅሽ ሱዩን

ሎንግሺ መንደር፣ ፉጂያን
በአምስተኛው የጨረቃ ወር ሦስተኛ ቀን፣ የጀልባው በዓል ሁለት ቀን ሲቀረው