የምታጥበኝ ልጅ

ግንቦት 15፣ ዓርብ

ውሃ መጣ። ከዓይናለም የውሃ ጉድጓድ መስመር፣ ከስንት ቀን በኋላ። በርሜሉን ሞላሁ፣ ባልዲዎቹን ሞላሁ፣ ማንቆርቆሪያው ሳይቀር። ልብስ ሳጥብ የልጄ የሐያት ሸሚዝ ኪስ ውስጥ ጥቁር ክር። የአንገት ክር። ማተብ።

ደብተሬ፣ ካንቺ በቀር የምነግረው የለኝም።

ስትገባ ክሩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩላት። አልካደችም። ዓመት ሙሉ ስማር ነበር አለች። የምትጠመቀው በበዓላቸው፣ በጰራቅሊጦስ ዕለት ነው።

ባል ነው ወይ አልኳት። የለም አለች። ባል ቢሆን ይገባኝ ነበር። እኔ የወሎ ልጅ ነኝ፤ እኛ ዘንድ አክስት ክርስቲያን፣ አጎት እስላም፣ ለትዳር ብሎ የዞረ ሞልቷል። ይህችኛዋ ግን ከልቧ አምና ነው። ካመነ ሰው ጋር ምን ብለው ይጣላሉ?

ከዛሬ ጀምሮ ሐ. ብዬ ነው የምጽፋት። ስሟን ሙሉውን እጄ እምቢ አለኝ። ሌላ ስም ይወጣላት የለ፣ ምን አደከመኝ።

ግንቦት 18፣ ሰኞ

የክርስትና እናት ያስፈልጋታል። ጡት የምትጠባ ይመስል፣ በሃያ ስምንት ዓመቷ። ማን እንደሆነች ገምቺ። ለተብርሃን። ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤቴ። በጦርነቱ፣ በከበባው ጊዜ አንድ ሽሮ ለሦስት አብረን የቀመስን። ያኔ ሥጋ የሚባል ነገር ስለሌለ የእስላም ቢላ የክርስቲያን ቢላ ብሎ ነገር የለም። ማዕዳችን አንድ ነበር። ሐ. የምታስተምርበት ትምህርት ቤት ተዘግቶ፣ በሩ ላይ በከሰል እየጻፈች ፊደል ያስቆጠረችኝ ያኔ ነው። ለተብርሃን ከኋላ ሆና ትስቅብኛለች፤ አንቺ አሮጊት፣ ሚኒስትር ልትሆኚ ነው እንዴ ትላለች።

አሁን ሰላም ሆነ። ሥጋ መጣ።

ግንቦት 20፣ ረቡዕ

ለተብርሃን መጣች። ግቢ አላልኳት፣ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። እኔ አልሰበክኋትም አለች፤ ይቅርብሽ፣ እናትሽ ታዝናለች ብያት ነበር አለች። “የማናውቃት ሴት ከምትይዛት እኔ ልያዛት ብዬ ነው፣ ሓፍተይ።” እህቴ ማለቷ ነው። ልጄን ወስደሽ እህቴ ትዪኛለሽ? አልኳት። “የት ወሰድኳት? ያው ግድግዳው ጀርባ ነን” አለች። ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ዋጥኩት። በሩን ዘጋሁ።

ግንቦት 29፣ ዓርብ። ዓረፋ። ከቀኑ 9 ሰ.

የሟች ባሌ ወንድም አደም እንደ ወትሮው በግ ይዞ መጣ፣ አረደ። እሱ የሚያውቀው ነገር የለም። ዓርብ ነው፣ ጾም ነኝ ብላ ታመልጣለች ብዬ ነበር። ማምለጫ የምፈልግላት እኔው፣ ተመልከቺ። ለካ ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ዓርብም አይጾሙም።

ሐ. ዳቦ ቆርሳ ሰላጣውን ትነካካለች። አደም ከጥብሱ መርጦ፣ ጠቅልሎ ጉርሻ ዘረጋላት። እጁ አፏ ፊት ቆመ። በልጅነቷ ጣቱን ትነክሰው ነበር፣ ሲስቅ ትዝ ይለኛል። አንገቷን ዘወር አደረገች። ይቅርታ አጎቴ፣ ከእንግዲህ አልችልም አለች፣ ቀስ ብላ። ሆዴን አሞኛል ብትል ምን ነበረበት? እውነት እውነት የሚል ሰው ቤት ያፈርሳል።

አደም ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰው። እጁን ታጠበ። ወደኔ ዞሮ፣ ስትሞቺ ማን እንደሚያጥብሽ አስበሻል ወይ አለኝ። ወጣ። በሩን እንኳ አልዘጋውም።

ግንቦት 30፣ ቅዳሜ

ሥጋው እንዳለ አለ። ለጎረቤት እንዳልሰጥ፣ ጎረቤቴ ለተብርሃን ናት።

አደም ያለው ከጆሮዬ አልወጣም። ሴት ልጅ ያላት እናት ይህን አታስብም። ሲወለዱ እናጥባቸዋለን፣ ስንሞት ያጥቡናል፣ አለቀ። የኔዋ እጅ ግን ከነገ ጀምሮ ለሬሳዬ አይፈቀድለትም። የባዳ እጅ ያገላብጠኛል። ውሃው ይሙቅ ይቀዝቅዝ የሚጨነቅ የለም።

ሐ. አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ አለች። ነገ ነይልኝ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ድረስ ብቻ። ምስር ለቀምኩ። ምስሩ ጠጠር አልነበረበትም።

ሰኔ 1፣ እሑድ። ንጋት

ወጣች። ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ እንዳልነቃ። ነቅቻለሁ። የለተብርሃን በር ተከፈተ፣ ሁለቱ አንሾካሾኩ፣ እግራቸው ራቀ። ከዚያ ዝም።

ብርድ ነው። ደረቷ ደካማ ነው፣ ነፋስ ከነካት ሳምንት ስትስል ነው የምትከርመው። የመቀየሪያ ልብሷ ወንበሩ ላይ ቀርቷል። ሹራቡም፣ ፎጣውም። ረስታው ይሁን ትታው፣ እንጃ። ለተብርሃን ነጭ ነጠላ ገዝታላታለች፣ እሺ። ነጠላ ውሃ አይመጥም።

እሷ እኔን አታጥበኝም። ይህ ተቆርጧል። እሷን ከማድረቅ ግን የሚከለክለኝ የለም፣ አደምም ቢሆን።

ሻሼን አስሬያለሁ። ፎጣውን ይዣለሁ። ግቢው ድረስ ነው፣ ከዚያ አላልፍም። ለተብርሃንን አላናግራትም። ቄሱ የፈለገውን ስም ያውጣላት። ከውሃው ስትወጣ እኔ የምጠራት ሐያት ብዬ ነው፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ አንገቷን ወደኔ ዘወር እስክታደርግ ድረስ።