ታርጋ ሳላይ የጫንኩ ዕለት

ጥቅምት 4
ዛሬ የመድኃኒቱን ጋሪ ለብቻዬ ገፋሁ! አለቃችን ሲስተር በሩ ላይ ቆማ ስታየኝ ትንሽ ጎርደድ ጎርደድ አልኩ... አንዱ ጎማ ሲጢጥ እያለ አዋረደኝ እንጂ። ማታ እማዬ ለጎረቤቷ "ሐኪሟ ልጄ" ስትል ሰማኋት። ነርስ ነኝ ብላት መች ትሰማለች። እኔም አጥብቄ አላረምኳት፣ ውሸት ምን ያደርጋል።

ጥቅምት 6
የምሠራበት የሕሙማን ክፍል ውስጥ ሁለት አባቶች አሉ። አንዱ ሹፌር ነበሩ፣ አንዱ ልብስ ሰፊ። ሥራቸው መጨቃጨቅ ነው። ልብስ ሰፊው መስኮቱ ጋ ተኝተው በረደኝ ይላሉ። ሹፌሩ ግድግዳው ጋ ሆነው መኪና አይታየኝም ይላሉ። ሁለቱንም ወደድኳቸው።

ጥቅምት 9
ምን ነካኝ?
ጠዋት የልብስ ሰፊውን የደም ግፊት ክኒን መስኮቱ ጋ ላሉት ሰጠሁ። ብርድ ልብስ ተከናንበዋል፣ እጃቸውን ብቻ አውጥተው ዋጡ። ስም አልጠየቅኩም። አውቃቸው የለ! ዞር ስል ከግድግዳው በኩል፣ "የኔስ ልጄ?" አሉኝ ልብስ ሰፊው። ለካ ሽማግሌዎቹ ጠዋት ተስማምተው አልጋ ተቀያይረዋል። የሹፌሩ ግፊት ደግሞ ድሮም ዝቅ ያለ ነው...
አንድ ክኒን ናት፣ ማን ያውቃል? አልኩ። አልክድም፣ ብያለሁ። ጋሪዬን ኮሪደሩ ድረስ ገፋሁ። ቢወድቁስ? ጋሪውን እዚያው ትቼ ወደ ሲስተር ሮጥኩ።
"ሲስተር፣ ተሳስቻለሁ። መድኃኒቱን ለሌላ ሰው ሰጠሁ።"
አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ሐኪሙን ጠራች፣ ሹፌሩ ከአልጋ እንዳይነሱ ተባሉ። ረፋዱ ላይ ግፊታቸው ወረደ፣ ግሉኮስ ተተከለላቸው። አጠገባቸው ተቀምጬ ስለካ ዋልኩ። ከሰዓት ተመለሰ። ሲስተር፣ ዝም ብትዪ ኖሮ ሽንት ቤት ሲሄዱ ይወድቁ ነበር አለችኝ። ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ጥቅምት 10
እውነቱን ነግሬ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ሹፌሩ ትራሳቸውን ደገፍ ብለው ቀና አሉ።
"አንቺ ልጅ፣ ታርጋ ሳታዪ ነው እንዴ የምትጭኚው?"
ልብስ ሰፊው ከወዲያ፣ ሳትለካ ቆረጠች ነው የሚባለው አሉ። የትኛው አባባል ይሻላል ብለው ተጨቃጨቁ። እኔ ጥፋተኛዋ ተረሳሁ።
ሲስተር ግን አልረሳችኝም። ከእንግዲህ መድኃኒት ስሰጥ አጠገቤ ትቆማለች። መንጃ ፈቃዴ ተነጠቀ።

ጥቅምት 13
ክፍሉ በሙሉ ተበላሽቷል። ገና ስገባ ሁሉም ስሙ የተጻፈበትን የክንዱን ማሰሪያ ያወጣል። "ታርጋ!" በሳቅ ይሞታሉ። እኔም አያለሁ፣ አንድ በአንድ።
ለእማዬ ነገርኳት። "ራስሽ ተናገርሽ?" አለች። አዎ አልኳት። ብይ እንግዲህ ብላ ሳህኑን አስጠጋችልኝ።

ጥቅምት 14
እማዬ ዛሬ ለጎረቤቷ፣ "ነርሷ ልጄ" አለች።

ጥቅምት 19
ሹፌሩ ድነው ከሆስፒታል ወጡ። ከመውጣታቸው በፊት የመጨረሻዋን ክኒን ከዚች ልጅ እጅ ካልሆነ አልውጥም ብለው አስቸገሩ። ሲስተር በሩ ላይ ቀረች።
"ስምዎን ይንገሩኝ?"
"ዛሬም ጠፋሁብሽ?"
"ይንገሩኝ አባባ።"
እስከ አያታቸው ጠሩልኝ። ከማሰሪያው ጋር አመሳከርኩ፣ ዋጡ። ቀና ስል ሲስተር በሩ ላይ የለችም። ሄዳለች።
ጋሪዬን ገፍቼ ወደ ልብስ ሰፊው ዞርኩ። ክንዳቸውን ብርድ ልብስ ውስጥ ደብቀው፣ "ሹፌሩ ነኝ" አሉኝ።
"ይሁን አባባ። ክንድዎን ያውጡ።"