ጧሪ የላቸውም ያልሽኝ እናት

ታደለችዬ፣

ከተለየሽኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እስከ ዛሬ ያልጻፍኩልሽ የምነግርሽ አጥቼ አይደለም፤ ተቆጥቼሽ ነው። ቁጣዬ አሁንም ጨርሶ አልበረደም። ግን የሆዴን የማወራው ሰው አንቺ ብቻ ነበርሽና፣ አንቺን የምከስሰውም ላንቺው ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርሽ። ልጃችን ሜሮን ሐዋሳ ላይ ክፍል አዘጋጅታልኛለች። "አባዬ፣ አልጋው ተነጥፎ ነው ያለው፣ መቼ ነው የምትመጣው?" ትለኝ ነበር በየእሁዱ እየደወለች። ክረምቱ ይውጣ አልኳት። ከዚያ መስቀል ይለፍ አልኳት። ከዚያ ገና። አሁን አሁን መጠየቁን ትታዋለች። ስለ ልጆቿ ታወራኝና "በል ደህና ሁን አባዬ" ብላ ትዘጋዋለች። ይኸኛው ከጥያቄዋ ይብስብኛል።

የማልሄደው በጓሮው ምክንያት ነው። ለደካሞች ብለሽ ከእንሰቱ ጎን ያሠራሻቸው አምስት ክፍሎች አሁንም ሙሉ ናቸው። የመጀመሪያዋን ያቆምን ጊዜ ትዝ ይልሻል? አንቺ ቀሚስሽን ሰብሰብ አድርገሽ ጭቃውን ከጭዱ ጋር ስትረግጪ፣ እኔ በረንዳ ላይ ተቀምጬ የተማሪዎቼን የጂኦግራፊ ፈተና አርም ነበር። "ና ውረድ እንጂ! ተራራና ወንዝ ስታስተምር ኖረህ ጭቃ ትፈራለህ?" ብለሽ ሳቅሽብኝ። ወረድኩ። አንድ ክፍል ብቻ መስሎኝ ነበር።

አምስት ሲሞሉ በምእመናን ፊት ቆመሽ ደንቡን ያነበብሽው አንቺ ነሽ። ጧሪ ቀባሪ ለሌለው ሰው ብቻ፤ ልጅ ያለው ልጁ ይጡረው። ኋላ ሆስፒታል ተኝተሽ እጄን ይዘሽ "የሜሮን አባት፣ አደራ፣ እንዳታስወጣቸው" አልሽኝ። እሺ አልኩሽ። ለታመመ ሰው ሌላ ምን ይባላል? ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያች እሺ ታስሬ አለሁ።

አንቺ እያለሽ ጓሮው በራሱ የሚተዳደር ይመስለኝ ነበር። በሐምሌ ሽንት ቤቱ ሞላ። ፍሳሹን የሚመጠው ቦቴ በበራችን አልገባ ስላለ የግንቡን ጥግ አፍርሰን አስገባነው፤ መልሼ እስካስገነባው ድረስ የሰፈሩ ፍየል ሁሉ ጎመናችንን ጨረሰው። ዕድር የሚቀበላቸው አላገኘሁም። የዕድሩ ዳኛ "መምህር፣ ዛሬ መዝግበን ነገ ልንቀብር ነው?" አለኝ። በጓሮው ከሚኖሩት ሁለቱ ሴቶች በቧንቧ ውሃ ተኮራርፈው፣ አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ትገባለች። ሲጣሉ በሃዲይኛ ነው፣ ያውም በጥድፊያ፤ እኔ በሌላ ቋንቋ ያደግኩት የአንጋጫው ሰው ይኼን ሁሉ ዓመት እዚህ ኖሬ ግማሹ ያመልጠኛል። አንቺ በሁለት ቃል ታስታርቂያቸው ነበር። እኔ ስመጣ ዝም ይላሉ፣ ስሄድ ይቀጥላሉ።

ይኼን ሁሉ እንደምንም ቻልኩት። ያልቻልኩት የእማማ አበራሽን ነው።

እማማ አበራሽ በነሐሴ ዝናብ ጓሮ ያለው ክፍላቸው ደጃፍ ላይ አዳልጧቸው ወደቁ። ሐኪሙ የዳሌያቸው አጥንት በዚህ ዕድሜ አይገጥምም ብሎ መለሰን። ከዚያ ወዲህ አልጋ ላይ ናቸው። ማገላበጥ አለ፣ ማጠብ አለ፣ ልብስ መቀየር አለ። እኔ ደግሞ ወንድ ነኝ። ሁለቱን ሴቶች ለመንኳቸው። "እኛም ልንጦር ነው የመጣነው" አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው፣ ጉልበት የላቸውም። የቀጠርኳት ሠራተኛ በሳምንቷ ሄደች፣ ሁለተኛዋ በሦስተኛው ቀን። የቤተ ክርስቲያን እህቶች ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ አጠቡልኝ፤ መጀመሪያ አራት ሆነው፣ ኋላ ሁለት ሆነው፣ በመጨረሻ ማንም ያልመጣበት ቅዳሜ መጣ።

ያን ጊዜ ጀርባቸው መቁሰል ጀምሮ ነበር። ሰኞ ጠዋት ውሃ አሙቄ ገባሁ። እማማ አበራሽ የያዝኩትን ሳፋ ሲያዩ ገባቸው። ነጠላቸውን ጎትተው ፊታቸውን ሸፈኑ። ወደ ግድግዳው እያየሁ አጠብኳቸው። ጨርሼ ብርድ ልብሱን ሳለብሳቸው ከነጠላው ሥር "የወለድኩት ልጅ እንኳ እንዲህ ሆኜ አላየኝም" አሉ።

ሳፋውን መሬት አስቀመጥኩት፤ አንቺ ጧሪ የላቸውም ነበር ያልሽኝ። "የቱ ልጅ እማማ?"

"ሎዳሞ። ሆመቾ ነው ያለው" አሉኝ።

ጋሽ ሄራሞን አታውቂያቸውም፤ ካንቺ በኋላ የመጡ ናቸው። በቀን ሥራ ያረጁ፣ ሚስትም ልጅም የሌላቸው ሰው ናቸው። የቤተ ክርስቲያኑ ወንበር በሚቀመጥበት መጋዘን ውስጥ ነው የሚያድሩት። በየእሁዱ ከአምልኮ ስንወጣ ባርኔጣቸውን አውልቀው "መምህር፣ ቦታ ተገኘ?" ይሉኛል። "አልተገኘም ጋሼ።" ሰባት ወር ሙሉ እንዲህ ብዬ መለስኳቸው። ለካ ልጅ ያላቸው ሴት ክፍል ይዘዋል!

በማግስቱ መናኸሪያ ሄጄ የሆመቾ ሚኒባስ ያዝኩ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ሳጠና ሄድኩ፤ እናትህን ውሰድ፣ ደንብ ደንብ ነው። ሎዳሞን ገበያው ዳር ካለ ወፍጮ ቤት አገኘሁት። ቅንድቡ ድረስ ዱቄት የለበሰ፣ ሃምሳ ዓመት የሚጠጋው ትልቅ ሰው ነው። ከየት እንደመጣሁ ስነግረው ወፍጮውን አስቁሞ ይዞኝ ወደ ውጭ ወጣ። ያጠናሁትን ለመናገር ፋታ አልሰጠኝም።

"የእትዬ ታደለች ባለቤት ነዎት? እሳቸው እኮ ሁሉንም ያውቁ ነበር፤ እዚህም እየመጡ ያዩኝ ነበር" አለኝ።

እህቴን ልጠይቅ እያልሽኝ ስንት ጊዜ ሆመቾ ሄደሻል? ሎዳሞ መሬት መሬቱን እያየ ነገረኝ። አባቱ ከሞቱ በኋላ መጠጥ ለምዶ ነበር። አንድ ቀን ሰክሮ እናቱ ላይ እጁን አነሳ። በማግስቱ እማማ አበራሽ በለበሱት ልብስ ከቤት ወጡ፤ አንቺ ዘንድ የደረሱትም እንዲያ ሆነው ነው። "ይቅርታ ጠይቄ ልመልሳቸው ስመጣ እትዬ ታደለች በር ላይ አስቆሙኝ። እናትህ ራሳቸው እስኪጠሩህ አትምጣ አሉኝ። መጠጡን ከተውኩ አራት ዓመት ሆነኝ። እስካሁን አልጠሩኝም።"

በደንብ ሳልሰናበተው የተመለስኩ ይመስለኛል። ሚኒባሱ ውስጥ የነደድኩት በሎዳሞ አልነበረም። ደንቡን በአፍሽ አንብበሽ፣ በእጅሽ አፍርሰሽ፣ እኔን በር ጠባቂ አድርገሽኝ ሄድሽ። አንድ አልጋ ተጋርተን ስንኖር ለምን አልነገርሽኝም? መልሱን አውቀዋለሁ። ብትነግሪኝ ደንቡ ይከበር እል ነበር። ከሁሉም የሚያመኝ ይኼ ነው፣ አሳምረሽ ያወቅሽኝ መሆኑ።

ለእማማ አበራሽ ልጃቸው ይቅርታ እንደሚለምን፣ ሊወስዳቸውም እንደሚፈልግ ነገርኳቸው። "አልሄድም" አሉኝ። "ካስቸገርኩህ አውጥተህ መንገድ ዳር አስቀምጠኝ።" ባስወጣቸው ያንቺን አደራ እበላለሁ። ባላስወጣቸው ጋሽ ሄራሞን በሚያፈስ መጋዘን ውስጥ ለሌላ ክረምት እተዋቸዋለሁ። ወዲህም ወዲያም መውጫ አጣሁ። ንዴቱ ሲብስብኝ ሻንጣ አውርጄ የሐዋሳ ልብሴን ከተትኩ። ሻንጣው ሁለት ቀን በሩ ጥግ ቆመ። በሦስተኛው ቀን ንጹሕ ሸሚዝ ሲቸግረኝ ከፈትኩት፤ ከዚያ ወዲያ አልዘጋሁትም።

በሳምንቱ በራችንን ያንኳኳችው የሎዳሞ ሚስት ብርሃኔ ነበረች። ሳሙናና የታጠበ አንሶላ ይዛለች። "እጁን ያነሳው እሱ ነው። እኔን ያስገቡኛል" አለችኝ። እማማ አበራሽ ብዙ ካንገራገሩ በኋላ አስገቧት። አሁን ማክሰኞና ቅዳሜ እየመጣች ታጥባቸዋለች፤ በሌላው ቀን ያው እኔው ነኝ። ቁስሉ እየደረቀ ነው። ሎዳሞ ሚስቱን አድርሶ ከበሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃታል፤ ግቢውን አይረግጥም። እናቱ መኖሩን ያውቃሉ። ባለፈው ቅዳሜ ፊታቸውን አዙረው "ምሳ በልቷል?" ሲሉ ጠየቁኝ። አልበላም አልኳቸው። እኔም ምሳ በሳህን አድርጌ ወሰድኩለት፤ ከማን እንደሆነ ሳልነግረው ገባው መሰለኝ፣ ሳህኑን በሁለት እጁ ተቀበለኝ።

ለጋሽ ሄራሞ ደግሞ እዚህ ቤታችን ውስጥ ያለውን የሜሮንን የልጅነት ክፍል ሰጠኋቸው። ለሜሮን በስልክ ነገርኳት። "እንግዲያው አትመጣም ማለት ነው" አለችኝ። እኔም ስለ ልጆቿ ጠየቅኳት።

ደስ ብሎኝ የምኖር እንዳይመስልሽ። ጠዋት ስነሳ ስድስት ሰው ይጠብቀኛል። አንዷ ገንፎዋ ቀጥኗል፣ አንዱ መድኃኒቱ አልቋል፣ የአንዱ ጣሪያ ያንጠባጥባል። ከትምህርት ቤት ጡረታ ስወጣ እረፍት ነው ያላችሁኝ ሁላችሁም። አንዳንድ ቀን ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ሳላስበው ወደ መናኸሪያው አቅጣጫ ብዙ ርቀት ሄጄ እገኛለሁ። ከዚያ የእማማ አበራሽ መገላበጫ ሰዓት ትዝ ይለኝና እመለሳለሁ።

በቀብርሽ ዕለት መጋቢው ስለ ደግነትሽ ብዙ ተናግረዋል። እኔ የተናገሩልሽን ሴት ብቻ አይደለም የማስታውሰው። የደበቅሽኝንም፣ ያስቸገርሽኝንም፣ በዚህ ዕድሜዬ የሰው ገላ ማጠብ ያስተማርሽኝንም ሴት አስታውሳለሁ። ማንም አሳምሮ ሲያወራልኝ ይኼኛዋን አልረሳትም፤ ቃሌ ነው።

ትናንት ጋሽ ሄራሞ ጠቅልለው ገቡ። ያላቸው አንድ ፌስታልና አንድ ካፖርት ነው። ካፖርታቸውን ይዘው ክፍሉ መሐል ቆሙ። ግድግዳው ላይ ያለችው ምስማር አንዲት ናት፤ ያንቺ ግራጫ ሹራብ ተሰቅሎባታል። ከሄድሽ ወዲህ ማንም አልነካውም ነበር። ጋሽ ሄራሞ አይተውት "ግድ የለም መምህር፣ ወንበሩ ላይ አደርገዋለሁ" አሉኝ።

ሹራብሽን አወረድኩትና "ይስቀሉት ጋሼ" አልኳቸው። ይኼን ስጽፍልሽ ሹራብሽ ጉልበቴ ላይ ነው።

ባለቤትሽ