የላይኛው ቀይ መስመር

ውድ እህቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኛ ደህና ነን፤ ባለቤቴን ፈርናንድንም ሳሉ ለቋታል። እዚህ ቦስ ገጠር በረዶው መላላት ጀምሯል፤ ትናንት የሜፕል ዛፎቹን በስተን ለጣፋጭ ፈሳሻቸው ባልዲ ሰቀልን። ያለ አባባ ስሠራ የመጀመሪያዬ ነው።

በየእሁዱ አባባን በመነኮሳቱ መጦሪያ ቤት ስትጠይቂያቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው እንደምታገኚያቸው ጻፍሽልኝ። "ዓይናቸው እንዲህ ከደከመ መርፌዬ ላይ ክር እንዴት ያስገቡልኛል?" ብለሽም ጠየቅሽኝ። ይህን ጥያቄ ስፈራው ነበር።

አምና መጋቢት የዛፎቹን ፈሳሽ ሽሮፕ እስኪሆን እያፈላን ነበር። አባባ መቼም የሚያምኑት ጭልፋቸውን ነው፤ ሽሮፑ መንጠባጠቡን ትቶ በጭልፋው ጠርዝ ሰፍቶ ከተንጠለጠለ ደርሷል ይላሉ። እኔ ግን የሽሮፑን ውፍረት የሚያሳይ ተንሳፋፊ የመስታወት መለኪያ ገዝቼ ነበር። ሁለት ቀይ መስመር አለው፤ የላይኛው ለሚፈላ ሽሮፕ፣ የታችኛው ለቀዘቀዘ። በኩባያ ቀዳሁና መለኪያውን ነክሬ መስኮቱ ላይ አስቀምጬ ከጎረቤታችን ከሉድዤ ጋር ወሬ ያዝኩ። ስመለስ መለኪያው ልክ የላይኛው መስመር ላይ ቆሟል። ደርሷል፣ ከእሳት እናውጣው አልኩ።

አባባ ጭልፋቸውን አንስተው፣ "ገና ነው ልጄ፣ ይንጠባጠባል። ምን አጣደፈህ?" አሉኝ። "ለመሆኑ ጭልፋውን ያዩታል?" አልኳቸው። ሉድዤ ሳቀ።

ኩባያው ቀዝቅዞ እንደነበር፣ ማየት የነበረብኝም የታችኛውን መስመር እንደሆነ የገባኝ በርሜሎቹ ከሞሉ በኋላ ነው። መልሼ ማፍላት እችል ነበር። እሳቸው ልክ ነበሩ ማለት ግን ሞት መሰለኝ።

የቀጠነ ሽሮፕ በጋውን አይችልም። ሐምሌ ላይ በርሜሎቹ አበጡ፤ ክዳናቸው ሲከፈት አረፋው ገነፈለ። የዓመት ልፋታችንን ለአሳማ ደፋነው። ጎረቤቶቻችን ማን ነው ያወጣው ሲሉ፣ የአባባ ዓይን ደክሟል አልኩ። እሳቸው ባርኔጣቸውን እያገላበጡ ዝም አሉ። ዝምታቸው ተመቸኝ፤ ይህን ስጽፍልሽ አፍራለሁ።

ከዚያ ወዲህ ጭልፋ የሚያስጨብጣቸው ጠፋ። የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ እንኳ ሰዎች እጃቸውን ይዘው ያወጧቸው ጀመር። አንቺ አዝነሽ እንዲጦሯቸው ለመነኮሳቱ ጻፍሽ፤ እኔ ፈረምኩ።

የሄዱ ዕለት መኪናው ውስጥ ገብተው ከተቀመጡ በኋላ ጠሩኝ። ብርድ ልብስ የፈለጉ መስሎኝ ጎንበስ አልኩ። "ልጄ፣ ከእንግዲህ ኩባያውን መስኮት ላይ አታስቀምጠው" አሉኝ።

በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሰው ሁሉ እየሰማ እውነቱን እናገራለሁ ብዬ ሁለት እሁድ አለፈኝ። ነገ እሳት አነዳለሁ። ጭልፋቸውን ከሚስማሩ ላይ አላወረድኩትም።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ቤትሽን ሰላም ያድርግልሽ። ይህን ደብዳቤ አባባ ዘንድ ይዘሽልኝ ሂጂ። አንቺ አታንብቢላቸው፤ እጃቸው ላይ አኑሪውና ራሳቸው እንዲያነቡት መስኮቱን ክፈቺላቸው።

በደለኛው ወንድምሽ