ጎድሎ ያገኘሁት ጠርሙስ

ደብረ ማርቆስ
ጥቅምት 14 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለይርዳው
ጎዴ

ይርዳው፣ እንዴት ከርመሃል? የጎዴ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? እኛ ደህና ነን። ዜማም ደህና ናት፤ አራተኛ ክፍል ገብታለች፣ የወለቀው ጥርሷም በቅሏል። ይህን ያስቀደምሁት ደብዳቤ ሲደርስህ ምን መጣ ብለህ እንዳትደነግጥ ነው። የደነገጥሁትስ እኔ ነኝ። ከዓርብ ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም፤ ዛሬ ሰኞ ነው። ፊደሌ ቢወላገድ አትሳቅብኝ።

በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር። አታነሳም፤ ብታነሳስ ምን ብዬ እጀምራለሁ። ሾፌሩ አንዷለም በዚህ ሳምንት ጭነት ይዞ ወደ እናንተ ይወርዳል፤ ደብዳቤውን በእጅህ እንዲሰጥህ አደራ ብዬዋለሁ።

መኪናዋን ልሸጣት ነበር። ተደብቄ ሸጥሁ እንዳይባል ልንገርህ። አንተ ከሄድህ ስምንት ወር ሙሉ ግቢ ውስጥ ቆማ ባየኋት ቁጥር ያ ቀን ይመጣብኛል። አንተና ዜማ ከሉማሜ ተዝካር ስትመለሱ፣ በራችን ላይ ልታቆማት ስትል ዘልላ ከግንቡ ጋር ስትላተም፣ የልጄ ፊት በደም ሲታጠብ። ሮጬ ስደርስ አንተን አላየሁህም፤ የሸተተኝ ጠላ ብቻ ነው። በጎረቤት ፊት "ሰካራም፣ ልጄን ልትገድላት" ያልሁህ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ከዚያ በፊት እኮ "መቅዲ፣ ይቺ መኪና አንዳንዴ ራሷ ትዘልላለች" ብለኸኝ ነበር። "መኪናዋ ሳትሆን እግርህ ነው" አልሁህ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእኔ ነበር።

ቀጥሎ ያደረግሁትን ታውቃለህ፤ ግን በገዛ አፌ ልበለው። ከአደጋው በአራተኛው ቀን መምሬ አካለ ወልድንና ሁለት ሽማግሌዎች ቤት ጠርቼ፣ "አልሰከርሁም ካለ መስቀል ጨብጦ ይማል" አልሁ። አንተ መስቀሉን አየህ፣ እኔን አየህ፣ "አልምልም" ብለህ ዝም አልህ። ማል ተብሎ ያልማለ ሰው በእኛ አገር ምን ተብሎ እንደሚቀር አንተም እኔም እናውቃለን። መምሬ እንኳ አንገታቸውን ደፉ። ጃኬትህን አንጠልጥለህ ስትወጣ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ እሰይ ብያለሁ።

ለዜማም "አባትሽ ሰክሮ ነው ፊትሽን እንዲህ ያደረገሽ" ያልኋት እኔ ነኝ። ስትደውል "አላናግረውም" ያለችህ ከእኔ ሰምታ ነው። ከዚያ በኋላ አንተም መደወል ተውህ።

እንግዲህ ወደ ዓርብ ልምጣ። ከደጀን ገዢ ተገኘ፤ ማርሽ የሚቀይረው ካምቢዮ ካልተሠራ ግን አልወስድም አለ። እኔም ዘመነ ጋራዥ አስጎትቼ ወሰድኋት። ዘመነ ኮምፒውተሩን ሰክቶ ሲያያት ቆየና "ካምቢዮው ራሱ ጤነኛ ነው" አለኝ። "የታመመው የሚያዘው ነው። መዳፍ የምታክል ሣጥን አለች፤ አሁን ማርሽ ቀይር፣ አሁን ቆይ የምትለው እሷ ናት። እሷ ከተቃወሰች መኪና ያለ ነጂው ፈቃድ ይዘላል፣ ካልሆነም አንድ ማርሽ ላይ ቆልፎ ይቀራል።" ምን አቃወሳት ስለው፣ "ዕቃ አይደል፣ ይበላሻል" ብሎ አለፈው። አዲሷ ሣጥን ከአዲስ አበባ እስክትመጣ ሁለት ሳምንት ጠበቅን። ዓርብ መጣች ሲለኝ ሄድሁ።

ታውቀኛለህ፣ መካኒክ አላምንም። ዓይኔ እያየ ካልተሠራ አሮጌውን ወልውሎ ይገጥምልኛል ባይ ነኝ። ዘመነ "ሂጂ ሻይ ጠጪ፣ ስጨርስ እጠራሻለሁ" አለኝ። "ሻይ ከቤቴ ጠጥቼ ነው የመጣሁት" አልሁት። ሦስት ጊዜ ለመነኝ፣ ሦስት ጊዜ እምቢ አልሁ። ሲያቅተው የባትሪውን ገመድ ነቀለና ከፊት ወንበር ሥር ተንበርክኮ፣ ከዳሽቦርዱ በታች ያለውን ሽፋን መፍታት ጀመረ።

እኔ ደግሞ እዚያ ውስጥ የራሴ ነገር ነበረኝ። መኪናዋን የገዛን ሰሞን፣ አባይ በረሃ ላይ መኪና ተገለበጠ ባሉ ቁጥር እንቅልፍ አልነበረኝም። ዲማ ጊዮርጊስ ሄጄ ጸበል በትንሽ የዘይት ጠርሙስ አመጣሁ። ክዳኑ ስለጠፋብኝ ከሻሼ ጫፍ ቀድጄ ወተፍሁት። "መኪና በቤንዚን እንጂ በጸበል አይሄድም" ብለህ እንዳትቀልድብኝ፣ አንተ ገላህን ስትታጠብ ከዳሽቦርዱ ሥር በሽፋኑ ክፍተት አሾልኬ ሸጎጥሁት። በየወሩ በሃያ ሦስት ዲማ ደርሼ ስመለስ እሞላዋለሁ። በየወሩ ሳየው ጎድሏል። ይርዳው፣ ጎድሎ ሳገኘው ምን እንዳልሁ ልንገርህ? ሰማዕቱ እየጠበቀህ ነው አልሁ። ባይሠራማ መች ይጎድል ነበር ብዬ በሆዴ እልል አልሁ።

ከአደጋው ወዲህ የመኪናዋን በር ከፍቼ አላውቅም። ስለዚህ ዘመነ ሽፋኑን ሲያነሳ ጠርሙሴን ላወጣ አንገቴን አስግጌ አየሁ። የለም። ደሜ ፈላ። "ዘመነ፣ እዚህ የነበረውን ጸበሌን የት አደረስኸው? ጸበልም ይሰረቃል?" አልሁት።

ካቻቢቴው ከእጁ ወደቀ። ዞሮ አየኝና "ይህን እንዳትጠይቂኝ እኮ ነው ሂጂ ሻይ ጠጪ ያልሁሽ" አለኝ። "ምን ማለትህ ነው?" አልሁት። አሮጌውን ሣጥን ነቀለና መዳፌ ላይ አኖረው። ሽቦ የሚሰካባቸውን ጥርሶች አረንጓዴ ዝገት በልቷቸዋል። "ውሃ ነው" አለኝ። "ለወራት ጠብ ጠብ ያለ ውሃ።" ከዚያ የዕቃ ሳጥኑን ከፍቶ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። የዘይቱ ጠርሙስ ነው። አፉ ላይ የእኔ ሻሽ አለ።

ጠርሙሱን ከእጁ ነጠቅሁት።

"በተጋጨች ማግስት ይርዳው ይዟት መጥቶ ነበር" አለኝ። "ያን ጊዜ መለዋወጫው ስላልተገኘ መለስኋት እንጂ ችግሩንስ አብረን ነው ያየነው። ጨርቁን ሲያይ ይኸው እዚህ መሬት ላይ ቁጭ አለ። 'ይሄን አንተና እኔ ብቻ ነን ያየነው። ልጇን ያቆሰለችው የገዛ እጇ መሆኑን ካወቀች አትተርፍልኝም። እኔን ሰካራም ትበለኝ' አለ። እኔም ቃል ገብቼ ስምንት ወር ሆድ ይፍጀው አልሁ።"

ለካ መስቀሉን አይተህ እኔን ያየኸኝ ለዚህ ኖሯል። አልሰከርሁም ብለህ ብትምል "ታዲያ ምን ሆና ዘለለች?" ብዬ እንደማልለቅህ ታውቃለህ። በመስቀል ፊት መዋሸት አትችል፣ እውነቱን ማውጣት አትፈልግ። እኔ ደግሞ ዝምታህን ለጥፋትህ ማስረጃ አድርጌ ቆጠርሁት።

ዘመነ አዲሷን ሣጥን ገጠመ፣ ኮምፒውተሩን እንደገና ሰክቶ ከመኪናዋ ጋር አስማማትና እኔን አጠገቡ አስቀምጦ ወጣን። በሉማሜ መንገድ ሄደን ተመለስን። ልስልስ ብላ ሄደች፤ አንድም ጊዜ አልዘለለችም። ዓርብ ያለቀስሁት ያኔ ነው። እስከዚያ ድረስ ምናልባት ተሳስቶ ይሆናል የምትል ትንሽ ተስፋ ነበረችኝ።

አሁን ደግሞ ተቆጥቻለሁ። ማን ፈቀደልህ? ስምህን ጣልህ፣ እሺ፣ ስምህ የራስህ ነው። የዜማን ፍቅርስ ለማን አስረክበህ ሄድህ? ልጅቷ ስምንት ወር ሙሉ አባቷን ስትጠላ ጎዴ ተቀምጠህ በቦቴ ውሃ ታመላልሳለህ? "አትተርፍም" ያልኸው እኔን ነው? መቅዲን? ነግረኸኝ ቢሆን ሁለት ቀን አልቅሼ፣ ሦስተኛው ቀን ላይ አንተኑ "ለምን አላየኸውም" ብዬ እጣላህ ነበር። ይህን ከጻፍሁ በኋላ አፈርሁ፤ አንተን የምቆጣበት አፍ የለኝም። ግን ስደነግጥ እንደምቆጣ አንተ ታውቃለህ፣ አልሰርዘውም።

ትናንት እሑድ ከቅዳሴ መልስ መምሬንና እነዚያኑ ሽማግሌዎች መልሼ ጠራሁ። ጠርሙሱን ፊታቸው አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኋቸው። ማንም ማዪ ሳይለኝ መስቀሉን ጨብጬ "ልጄን ያቆሰልኋት እኔ ነኝ፣ ይርዳው የለበትም" ብዬ ማልሁ። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። መምሬ "ጸበሉን አትክሰሺው ልጄ፣ የጎደለው ክዳን ነው" አሉኝ። ቀጥለው "ሰውየውን ግን እኛም በድለናል" አሉ።

ለዜማም ነገርኋት። "አባዬ አልሰከረም ማለት ነው?" አለችኝ። አልሰከረም አልኋት። "ታዲያ አንቺ ሳታውቂ ለምን ሰክሯል አልሽኝ?" አለች። ከትናንት ጀምሮ አታናግረኝም፤ ቁርሷን እንኳ ፊቷን አዙራ ነው የበላችው። ይገባኛል።

መኪናዋን አልሸጥም፤ ለገዢው ነግሬዋለሁ። አንተንም ና አልልህም፤ ና ለማለት ፊት የለኝም። ይቅር በለኝ ግን እላለሁ፤ ብትልም ባትልም እላለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። የመጪው ሳምንት ሐሙስ ዜማ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትደውልልሃለች። የሚጠራው የእኔ ቁጥር ነው፤ እኔ መስዬህ እንዳትተወው። ስልኩን ሰጥቻት ጎረቤት እሄዳለሁ፣ እንደ ልባችሁ አውሩ። ጨርሰናል ብላ ካልጠራችኝ በቀር አልመለስም።

ከበረሃው ንዳድና ከመንገድ ክፉ ይሰውርህ። የዲማው ጊዮርጊስ ባለህበት ይጠብቅህ።

የዜማ እናት
መቅዲ